«አይበገሬ» የምንለው ባለሙያ በምን ይቆማል? ወረርሽኝ እና የጤና ሠራተኞች ሥነ ልቦና

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ጂንካ የኢቦላ የቅርብ ዘመድ የሆነው የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ይፋ ሲደረግ፣ በሽታው በኢትዮጵያ ምድር ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ከታመሙትና ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩበት። ወረርሽኙ በጥር ወር ማብቃቱ ታወጀ፤ ወሬውም አብሮት በረደ። እንዲህ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር ስለ ባለሙያዎቹ የምንሰማው ከሁለት ቃላት ብዙም አይርቅም፦ ጀግኖች ናቸው፣ አይበገሬ ናቸው።

ሁለቱም ቃላት ከአክብሮት የመጡ ናቸው። ሆኖም ሰው በአደጋ ፊት የሚቆመው በተፈጥሮ ብርታቱ ብቻ እንደሆነ አድርገው ያሳያሉ። ብርቱው ይችላል፣ ያልበረታው ይወድቃል፤ የወደቀውም በራሱ ያፍራል። ባለፉት 20 ዓመታት ከተለያዩ ወረርሽኞች የተሰበሰበው ማስረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። የባለሙያው ጽናት በአብዛኛው የሚሠራው ከእርሱ ውጭ ባሉ ነገሮች ነው፤ በጓንቱ፣ በተረኛ ሰሌዳው፣ በባልደረባው፣ በደመወዙ፣ አለቆቹ እውነቱን በመንገራቸው።

ስለ ቃሉ

«ረዚሊየንስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ የፖሊሲ ሰነዶች ውስጥ «አይበገሬነት» እየተባለ ይተረጎማል። ለድርቅም፣ ለአየር ንብረትም፣ ለኢኮኖሚም ይኸው ቃል ያገለግላል። አይበገሬ የሚባለው ግን የማይሸነፍ፣ ምንም ቢመጣበት ፍንክች የማይል ነው። በሥነ ልቦና ጥናት የቃሉ ትርጉም ከዚህ ይለያል፤ ሰው በከባድ ነገር ተነክቶ፣ ተጨንቆ፣ እንቅልፍ አጥቶም ቢሆን ሥራውንና ኑሮውን ይዞ የመቀጠል፣ ውሎ አድሮም ወደ ራሱ የመመለስ አቅም ማለት ነው። ለዚህ የሚቀርበው ቃል ሐኪሞች ስለ ታካሚዎቻቸው በየቀኑ የሚናገሩት «ማገገም» ይመስለኛል። የሚያገግመው የታመመ ሰው ነው። አይበገሬ የተባለ ሰው ግን መታመሙን ለመናገር እንኳ ይቸገራል።

ልዩነቱ በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ በተግባር ይታያል። ችሎ ማደር በሚወደስበት፣ የልብን ማውጣት ሲያስቸግር «ሆድ ይፍጀው» በሚባልበት ባህል ውስጥ፣ ዝም ያለ ባለሙያ ደኅና እንደሆነ ይቆጠራል። ዝም ያለው ስለ ተሻለው ይሁን የሚያዳምጠው ስላጣ የሚጠይቅ አይኖርም።

ከዚሁ ጋር ተያይዘው የሚነሱ ሁለት ሌሎች ቃላት አሉ። አንደኛው «በርን አውት» ሲሆን የሥራ ዝለት ልንለው እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከሥራ የሚመጣ ክስተት እንጂ በሽታ እንዳልሆነ ጠቅሶ በሦስት ነገሮች ይገልጸዋል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። ሁለተኛው «ሞራል ኢንጁሪ» ነው፤ የሕሊና ቁስል። ይህ የሚመጣው ባለሙያው ማድረግ የሚገባውን እያወቀ፣ እንዳያደርገው ሁኔታው ሲያስገድደው ነው። በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ ማዕበል የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሞልተው የመተንፈሻ መሣሪያ ሲያጥር፣ አንድ አልጋ ለሁለት ሰው አይበቃምና ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ተረኛው ሐኪም ነበር። ሙያው ይህን ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥ መመሪያ አለው። ከውሳኔው በኋላ ግን ቤቱ የሚገባው ሐኪሙ ነው፣ መመሪያው አይደለም።

ልብሱን የማውለቅ ሰዓት

ከኢቦላና ከማርበርግ ሕክምና ማዕከላት የታወቀ አንድ አሠራር አለ። ባለሙያ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ብቻውን አይገባም፤ ሁለት ሆነው ይገባሉ። ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜም ይለካል፤ በሞቃት አገር ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሙሉ ልብሱ አየር አያስገባም። ላቡ ወደ ቦት ጫማው ይወርዳል፣ መነጽሩን እንፋሎት ይጋርደዋል። ታካሚውም የሚያክመውን ሰው ፊት አያይም። በምዕራብ አፍሪካ ባለሙያዎች ስማቸውን በማርከር ሽርጣቸው ላይ ይጽፉ የነበረው ታካሚው ቢያንስ የማን እጅ እንደያዘው እንዲያውቅ ነው።

ከመግባቱ ይልቅ አደገኛው መውጣቱ ነው። ልብሱ አሁን ተበክሏል፣ ባለሙያው ደክሟል፣ ፊቱ ያሳክከዋል፣ ቶሎ አውልቆ መተንፈስ ይፈልጋል። በዚህ ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ሌላ ሰው ቆሞ እያንዳንዱን እርምጃ በድምፅ ይነግረዋል። «ሲስተር፣ ጓንቱን ታጠቢ። ቆዪ። አሁን ሽርጡን። በቀስታ። ፊትሽን አትንኪ። እንደገና ታጠቢ።» በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል ጓንቱ ግማሽ በመቶ የክሎሪን ውህድ ይረጭበታል፤ ባዶ እጅ ሲሆን ውህዱ አሥር ጊዜ ይቀጥናል። የፊት ጭንብሉ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ይወልቃል።

ይህ ሥርዓት የተዘረጋው ለኢንፌክሽን መከላከያ ነው። ነገር ግን የሥነ ልቦና ጽናት ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የደከመች ነርስ በዚያ ሰዓት በራሷ ትኩረት ብቻ እንድትተማመን አይጠበቅባትም። ትኩረቷ እንደሚዝል አስቀድሞ ታውቆ፣ ሌላ ሰው ስለ እርሷ እንዲያስብ ተመድቧል። ጥንካሬዋ የተሠራው ከሁለት ሰዎች ነው። ተቆጣጣሪው ባልተመደበበት፣ ክሎሪኑ ባለቀበት፣ ፈረቃው ከአንድ ሰዓት ወደ ሦስት ሰዓት በተዘረጋበት ቦታ ግን ያችው ነርስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ትሆናለች።

የፍርሃቱም አካሄድ ለየት ይላል። ማርበርግ ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ነው፤ በደቡብ ኦሞ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ስለዚህ በሽታው ስሙ ከመታወቁ በፊት ብዙ እጅ ይነካዋል። ምርመራው ሲመጣ ባለሙያው ወደ ኋላ ማስታወስ ይጀምራል፦ ለዚያ ሰው መርፌ የወጋሁት በጓንት ነበር? ትውከቱን የጠረገችው የጽዳት ሠራተኛ ምን ለብሳ ነበር? ከዚያ የበሽታው ምልክት ሊወጣበት የሚችለው 21 ቀን ይቆጠራል። ጠዋትና ማታ ሙቀት ይለካል። ከበሽተኛው ጋር ንክኪ የነበረው ባለሙያ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ልጁን አቅፎ መሳም ይፈራል፤ ሰውነቱ ትንሽ ሞቅ ባለ ቁጥር ልቡ ይመታል።

ከኬኔማና ከቶሮንቶ የተገኘው ትምህርት

ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ የነበረው ኢቦላ ከ11,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን 881 የጤና ሠራተኞች መያዛቸውን፣ 513 መሞታቸውን መዝግቧል። የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶ ያህሉን አጥታለች። አዋላጅ በሞተችበት ወረዳ ወረርሽኙ ካበቃ በኋላም እናቶች ያለ አዋላጅ ይወልዳሉ፤ ኪሳራው ለዓመታት ይቀጥላል።

በሴራሊዮን ኬኔማ ሆስፒታል የላሳ ትኩሳት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሼክ ኡማር ካን ታካሚዎቻቸውን ሲያክሙ ተይዘው ሐምሌ 29 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። የአገራቸው መንግሥት ብሔራዊ ጀግና ብሏቸዋል፤ ይገባቸዋልም። በዚያው ዓመት በዚያው ሆስፒታል የነበሩ ሠራተኞች ግን የተጋላጭነት አበላቸው ስላልተከፈላቸው ሥራ አቁመዋል። ጀግንነቱና ያልተከፈለው አበል በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። ግዴታን ከመወጣት ይልቅ የጀግንነት ስም መስጠት ለባለሥልጣናት እንዴት እንደሚቀል ከዚህ ይታያል።

ከቶሮንቶ የመጣው ማስረጃ ደግሞ የበለጠ በቀጥታ ይናገራል። ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ 44 ሰዎችን ሲገድል፣ ከተያዙት ውስጥ ብዙዎቹ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ወረርሽኙ ካለፈ ከ13 እስከ 26 ወራት በኋላ ተመራማሪዎች ሳርስን ያከሙ የቶሮንቶ ሆስፒታል ሠራተኞችን፣ ሳርስ ካልደረሰባቸው የአቅራቢያዋ የሃሚልተን ከተማ ሆስፒታሎች ሠራተኞች ጋር አነጻጸሩ። የቶሮንቶዎቹ የሥራ ዝለታቸው፣ ጭንቀታቸውና ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የመረበሽ ስሜታቸው ከፍ ያለ ነበር። ከበሽተኛ ጋር የሚያሳልፉትን ሰዓት የቀነሱ፣ ከሥራ የሚቀሩም በርክተዋል። ጉዳቱን ያቀለለው ምን ነበር? ሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና፣ በቂ መከላከያና የሞራል ድጋፍ አግኝተናል ብለው ማመናቸው። ከሦስቱ አንዱም በሰውየው የተፈጥሮ ባሕርይ ውስጥ የሚገኝ አይደለም።

ሥልጠና ወይስ ጓንት?

እዚህ ላይ የባለሙያዎች ክርክር አለ፤ ሁለቱም ወገን የሚለው ፍሬ አለው። አንደኛው ወገን ሰውን ጭንቀት የመቋቋሚያ ክህሎት ማስተማር ይቻላል ይላል። የአተነፋፈስ ልምምድ፣ አሉታዊ ሐሳብን የመመርመር ዘዴ፣ እንቅልፍን የመጠበቅ ልማድ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይዳረሳል። ሌላው ወገን የጎደለው ጓንት ሆኖ ሳለ ስለ አተነፋፈስ ማስተማር ጥፋቱን ወደ ተጎጂው ማዞር ነው ይላል።

ማስረጃውን ስንመለከት፣ የሕክምና ጥናቶችን በመመዘን የሚታወቀው ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ በሳርስ፣ የሳርስ ዘመድ በሆነው በመርስ፣ በኢቦላና በኮቪድ ጊዜ የተደረጉ 16 ጥናቶችን አግኝቶ ነበር። የትኛው ድጋፍ በትክክል እንደሚሠራ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ ግን ከሞላ ጎደል አላገኘም። በአንጻሩ ድጋፉ ለምን እንደሚከሽፍ ጥናቶቹ ተናግረዋል። ተቋማቱም ሠራተኞቹም ምን እንደሚያስፈልጋቸው በቅጡ አያውቁም፤ ጊዜ፣ ቁሳቁስና ሠልጣኝ ሰው የለም። ለ12 ሰዓት ያለ ዕረፍት የሠራች ነርስ በሥልጠና አዳራሽ ለመቀመጥ ጊዜ ከየት ታመጣለች?

አንድ አሠራር ደግሞ በቅንነት ቢጀመርም ሊጎዳ እንደሚችል ታውቋል። «ዲብሪፊንግ» ይባላል፤ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ሰዎችን ወዲያው ሰብስቦ ያዩትንና የተሰማቸውን ሁሉ እንዲዘረዝሩ ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እንዳንጠቀም ይመክራል፤ የኋላ መረበሽን እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም። በምትኩ የሚመከረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው። ሰውየው መናገር ከፈለገ ማዳመጥ፣ ካልፈለገ አለማስገደድ፣ የተራበ ከሆነ ማብላት፣ ከቤተሰቡ ጋር ማገናኘት፣ የባሰበትን ወደ ባለሙያ ማድረስ። በእኛ አገር ከፈረቃ በኋላ በቡና ዙሪያ መቀመጥ ለዚህ የተመቸ ወግ ነው፤ ማንም ማንንም አያስገድድም፣ ሦስተኛው እስኪደርስ ግን አንድ ሰው መናገሩ አይቀርም።

በሦስተኛ ወገን የሚነሳውን ሐሳብም ችላ ማለት አይገባም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ቦናኖ ለዓመታት እንዳሳዩት፣ ከከባድ ክስተት በኋላ አብዛኛው ሰው ያለ ሕክምና ጤናማ ኑሮውን ይቀጥላል። ስለዚህ በወረርሽኝ የሠራን ሁሉ እንደ ሕመምተኛ ማየት ስህተት ነው፤ ጥቂት የሆኑትን የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችም ካስፈለጉበት ቦታ ያርቃል። ይህን እቀበላለሁ። ግን የቦናኖ ግኝት የሚለው ሰው በአብዛኛው ያገግማል ነው፤ አዲስ ጉዳት እየተጨመረበት ያገግማል አይልም።

የሩዋንዳ ተሞክሮ ክርክሩን ጓንት ይቅደም ወደሚለው ወገን ያዘነብለዋል። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ማርበርግ በኪጋሊ ሲታወጅ ከተያዙት አብዛኞቹ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በ9 ቀናት ውስጥ በሙከራ ላይ ያለ ክትባት ለሠራተኞቹ መሰጠት ተጀመረ፤ ሬምዴሲቪር የተባለው መድኃኒትና ፀረ እንግዳ አካላትም ቀረቡ። ወረርሽኙ በ66 ሕሙማንና በ15 ሞት ቆመ፤ ይህ ከቀደሙት የማርበርግ ወረርሽኞች ጋር ሲነጻጸር በጣም ዝቅተኛ የሞት ምጣኔ ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩ ሁለት ታካሚዎች ከመሣሪያው ተላቀው ድነዋል። ባልደረባው ድኖ ሲወጣ ያየ ነርስ፣ እኔ ብያዝ ይታከሙኛል የሚል እምነት ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ይህ እምነት በየትኛውም የአዳራሽ ሥልጠና የሚገኝ አይደለም።

ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሰው፣ የራቀ ጎረቤት

በማርበርግ የሞተ ሰው አስከሬን በሽታውን በቀላሉ ያስተላልፋል። ስለዚህ ቤተሰብ አይገንዘውም፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ቡድን ይቀብረዋል። በኢትዮጵያ ሐዘን የሚቀለው በሰው ብዛት ነው፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ለቅሶ ይቀመጣል። ባልደረባው የሞተበት የጤና ሠራተኛ ግን በማግሥቱ ፈረቃ አለው። ከሟቹ ጋር ንክኪ ከነበረው ደግሞ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ነው። ያልተለቀሰ ሐዘን ወራት ቆይቶ በእንቅልፍ ማጣት፣ በብስጭት፣ በመጠጥ ሊወጣ ይችላል።

መገለሉም አለ። በኮቪድ ጊዜ በብዙ አገሮች አከራዮች ነርሶችን ቤት ልቀቁ ብለዋል፤ ጎረቤት በር ዘግቷል። ሕንድ ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የወረርሽኝ ሕጓን አሻሽላ በጤና ሠራተኞች ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰ እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር እስከ መደንገግ ደርሳለች። ቀን በቴሌቪዥን የተጨበጨበለት ሰው ማታ ቤቱ እንዳይገባ ሲደረግ ጭብጨባው ምን ይፈይድለታል?

ደመወዝ የሥነ ልቦና ጉዳይ ነው

በትግራይ ጦርነት ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ለረጅም ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ማከም ቀጥለዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በተለያዩ አካባቢዎች ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ ማቆማቸው፣ አንዳንዶቹም መታሰራቸው ይታወሳል። በመንግሥት በኩል የበጀት አቅም ውስንነትና የድንገተኛ ታካሚዎች ሕይወት ይነሳል፤ ሁለቱም እውነተኛ ጭንቀቶች ናቸው። ሙያው መሐላ አለው የሚለውም ክርክር ክብደት አለው።

ነገር ግን መሐላው ባለሙያው ለታካሚው የገባው ቃል ነው። የአሠሪውን ግዴታ አይተካም። የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻለች ነርስ ወደ ማርበርግ ክፍል ስትገባ ሁለት ፍርሃት ይዛ ትገባለች፤ የቫይረሱንና እኔ ብሞት ልጆቼን ማን ያሳድጋል የሚለውን። ሁለተኛውን ፍርሃት የሚያቀለው የሕይወት መድን፣ በወቅቱ የሚከፈል የዲዩቲና የተጋላጭነት ክፍያ፣ ለሟች ቤተሰብ የሚደርስ ካሳ ነው። እነዚህ ነገሮች በበጀት ክፍል የሚወሰኑ ቢሆኑም ውጤታቸው የሚታየው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከዝርዝሩ የጽዳት ሠራተኛው፣ የአምቡላንስ ሹፌሩ፣ አስከሬን የሚያነሳው ሠራተኛና ጥበቃው ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። ቫይረሱ ግን የሥራ መደብ አይጠይቅም።

ከ42 ቀን በኋላ

የማርበርግ ወረርሽኝ አበቃ የሚባለው የመጨረሻው ታካሚ ከዳነ ወይም ከተቀበረ በኋላ 42 ቀን ያለ አዲስ በሽተኛ ሲያልፍ ነው፤ ይህም ሰው በቫይረሱ ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ የሚፈጀው ረጅሙ ጊዜ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ስሌቱ ለቫይረሱ ትክክል ነው። የባለሙያው ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። አደጋው ሳለ ሰውነት በንቃት ይቆያል፤ ማሰብም ማልቀስም ይቆየኝ ይላል። የዕርዳታ ድርጅቶቹ መኪኖች ሲሄዱ፣ ድንኳኑ ሲነቀል፣ ሆስፒታሉ ወደ ወባውና ወደ ወሊዱ ሲመለስ፣ የተጠራቀመው ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ ጠያቂው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

ክትትሉም ስለዚህ ከዚህ መጀመር አለበት። ፈረቃ የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ተይዟል ወይ? ዕረፍት ወስደዋል ወይ? ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ደውሎ እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ የሚል የታወቀ ሰው አለ ወይ? ለማን እንደሚናገሩ፣ መናገራቸውም በግል ማኅደራቸው ላይ እንደማይጻፍባቸው ያውቃሉ ወይ? ከሥራ የለቀቁ ወይም ከአገር የወጡ ካሉስ ለምን እንደሄዱ ተጠይቀዋል ወይ?

የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ጥያቄያቸውን ይዘው ሠራተኞቹ ዘንድ የደረሱት ሳርስ ካለፈ ከ13 እስከ 26 ወራት ባለው ጊዜ ነበር። ለጂንካ ከጥር 2018 ዓ.ም. ተነሥተን ብንቆጥር፣ ያ ጊዜ ከየካቲት 2019 እስከ መጋቢት 2020 ዓ.ም. ላይ ይውላል።